ፊርማው የእሷ፣ ውሳኔው የሌላ፦ የዩኒቨርሲቲ የሰው ሀብት ባለሙያ በዲላ

ዲላ ከተማ ውስጥ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት በስልኩ ደጋግሞ የሚከፍተው የቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ ቻናል ነው። ከጓደኞቹ ጋር ደግሞ የሚጠያየቀው «ዩኒቨርሲቲው አወጣ ወይ?» እየተባባለ ነው። ማስታወቂያው ወጥቶ፣ ተመዝግቦ፣ ተፈትኖ ስሙ ካልተለጠፈ የሚወቀሰው ቢሮ አንድ ነው፦ የሰው ሀብት። «እዚያ የሚገባው ሰው ያለው ነው» ይባልና ወሬው እዚያው ያልቃል።

እስቲ ዛሬ ነገሩን ከመስኮቱ ወዲያ ከተቀመጠችው ባለሙያ በኩል እንየው። ስለ መምህራን ደመወዝ ብዙ ተጽፏል፣ ስለ ተማሪዎች ምግብም ብዙ ተብሏል። የመምህሩን የቅጥር ደብዳቤ የምታወጣው፣ የዕድገት መዝገቡን የምትይዘው፣ ጡረታውን የምትከታተለው፣ ሲለቅ ክሊራንሱን የምትቀበለው ባለሙያ ግን ስለ ራሷ ሥራ ስትጠየቅ አይታይም። ጥፋት የለባትም ለማለት አይደለም። ነገር ግን እሷ ፈርማ በምታወጣው ደብዳቤ ውስጥ ያለው ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ የእሷ አይደለም። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የአመራር ችግር ቁልጭ ብሎ የሚታየው ደግሞ በዚህ ክፍተት ነው ባይ ነኝ።

ለምን ዲላ?

ዲላ ዩኒቨርሲቲ በ1988 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ነው የጀመረው። ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ መቀመጫውን ሐዋሳ ባደረገው የያኔው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ራሱን ችሎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። «ሁለተኛው ትውልድ» ከሚባሉት አንዱ ነው። ከማስተማሪያ ግቢዎቹ ሌላ ሪፈራል ሆስፒታልም አለው። ስለዚህ በሰው ሀብት ክፍሉ መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ የዶክተሩም፣ የነርሷም፣ የሾፌሩም፣ የእንጀራ ጋጋሪዋም፣ የተማሪ መኝታ ቤት ፕሮክተሩም ፋይል ጎን ለጎን ነው የሚቀመጠው።

በዙሪያው ያለው ጌዴኦ ዞን ነው። ቡናውን ዓለም በይርጋጨፌ ስም ያውቀዋል። ቡናው፣ እንሰቱና ትልልቁ ዛፍ በአንድ ማሳ የሚበቅሉበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ደስ ይላል። ግን ያው መሬት በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ አባት ለልጆቹ የሚያካፍለው ማሳ በየትውልዱ እየጠበበ መጥቷል። ልጅ ይማራል፣ ይመረቃል፣ ከዚያስ? የቡና ማጠቢያና መቀሸሪያ ጣቢያው ሥራ ወቅት ጠብቆ ነው። ዓመቱን ሙሉ፣ በቋሚነት፣ ብዙ ሰው የሚቀጥር ተቋም ሲታሰብ ቀድሞ የሚመጣው ያው ዩኒቨርሲቲው ነው።

በዚያ ላይ ገንዘቡ የሚመጣው ከፌዴራል ነው። ጌዴኦ ዞን በነሐሴ 2015 የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሆኗል፤ ዲላም ከክልሉ የማዕከል ከተሞች አንዷ ናት። በዚሁ ክልል፣ በተለይ በወላይታ፣ በ2016 መምህራን ደመወዝ ዘግይቶባቸው ማስተማር እስከማቆም መድረሳቸውን ታስታውሳላችሁ። ወረዳ ላይ የሚሠራ ሰው ወር ሲደርስ «ገባ ወይ?» ብሎ ይደውላል። ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ጎረቤቱ ስለ ደመወዙ ማነስ ያማርራል እንጂ ስለ መግባቱ እምብዛም አይጨነቅም። ይህን ልዩነት የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ለአንድ የጽዳት ወይም የመዝገብ ቤት መደብ የሚሰለፈውን ሰው ብዛት አስቡት። ያ ሁሉ ሰልፍ የሚያርፈው ደግሞ አንድ ቢሮ ላይ ነው።

አንድ ግቢ፣ ሦስት ሕግ

አሁን ወደ ግቢው እንግባ። ከውጭ ሲታይ «የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ» የሚባል አንድ ሰው ያለ ይመስላል። በሕግ ግን ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሰው አለ።

አንደኛው መምህሩ ነው። እሱን የሚመራው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 እና ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚያወጣው የሴኔት ሕግ ነው። ማን ይቀጠር የሚለው ከትምህርት ክፍሉ ተነስቶ፣ በኮሌጁ አድርጎ፣ ወደ አካዳሚክ አመራሩ ይወጣል። የሰው ሀብት ባለሙያዋ ዘንድ ሲደርስ አልቋል፤ የቀራት ደብዳቤ ማውጣትና ፋይል መክፈት ነው።

ሁለተኛው የአስተዳደር ሠራተኛው ነው፦ ሒሳብ ሠራተኛው፣ ላይብረሪያኑ፣ ሾፌሩ፣ ራሷ የሰው ሀብት ባለሙያዋም ጭምር። እነዚህ በፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው የሚተዳደሩት። ለዓመታት ሲሠራበት የነበረው 1064/2010 ነው፤ በ2017 በአዲሱ አዋጅ ቁጥር 1353/2017 ተተክቷል። የደረጃቸውን ነገር የወሰነው ጂኢጂ የሚባለው የሥራ ምዘና ሲሆን፣ መደባቸው ስንት ነጥብ እንዳገኘና የት እርከን ላይ እንደተቀመጠ የተወሰነው አዲስ አበባ ነው። ለምን ዝቅ ተደረግሁ ብሎ የሚጮኸው ሠራተኛ ግን የሚመጣው ዲላ ያለችው ባለሙያ ጠረጴዛ ፊት ነው። መልሷ? «ከላይ የመጣ ነው።» እውነቷን ነው፤ ግን ይህን መልስ በቀን ሃያ ጊዜ የምትሰጥ ሰው ምን ዓይነት ባለሙያ ልትሆን ትችላለች?

ሦስተኛው በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እየተለመደ የመጣው በኤጀንሲ በኩል የሚሠራው ጥበቃና ጽዳት ነው። ግቢው ውስጥ ይውላል፣ በሩን ይጠብቃል፣ ኮሪደሩን ይጠርጋል፤ አሠሪው ግን ሌላ ነው። የሚመለከተው የግሉ ዘርፍ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው። ደመወዙ ሲዘገይ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሰው ሀብት ይሄዳል፣ እዚያ «አንተ የእኛ አይደለህም» ይባላል።

ሦስት ሕግ አንድ ግቢ ውስጥ መኖሩ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ሌላም አገር አለ። ችግሩ የሚመጣው ሦስቱ ሰዎች በአንድ ካፌ ሻይ ሲጠጡ ነው። መምህሩ የትምህርት ዕድል አገኘ፤ ላይብረሪያኗ ለምን አላገኘሁም ትላለች። የአስተዳደር ሠራተኛው ሰዓት ይፈርማል፤ መምህሩ አይፈርምም። አንዱ ስለ ሌላው ያለው ቅሬታ ሁሉ «ሰው ሀብት ያዳላል» ወደሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል።

መምህሩ አለቃ ሲሆን

የአመራሩ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ከትምህርት ክፍል ኃላፊ እስከ ፕሬዝዳንት ያለውን ወንበር የሚይዘው በአብዛኛው መምህር ነው። ሙያው ፊዚክስ፣ ባዮሎጂ ወይም ታሪክ ነው። ጎበዝ ተመራማሪ ሊሆን ይችላል። ሠላሳና አርባ ሰው ማስተዳደርን ግን ማንም አላስተማረውም። ሹመቱ ጊዜያዊ ነው፤ ሲያልቅ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ትናንት ሲገመግመው ከነበረው ባልደረባው ጋር ቢሮ ይጋራል። ታዲያ ዛሬ በክፍል የማይገባውን ባልደረባውን በጽሑፍ ያስጠነቅቃል? ይከብደዋል። ዝም ይላል። ወይም «ሰው ሀብት እርምጃ ይውሰድ» ብሎ ወረቀቱን ይመራዋል።

ይህ «ይመራዋል» የሚሉት ቃል ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። ከፕሬዝዳንት ወደ ምክትል፣ ከምክትል ወደ ሥራ አስፈጻሚ፣ ከሥራ አስፈጻሚ ወደ ባለሙያ። በእያንዳንዱ እጅ ላይ «ተገቢው ይፈጸም» ይጻፍበታል። ተገቢው ምንድን ነው? አልተጻፈም። መጨረሻ ላይ ያለችው ባለሙያ ብትፈጽመው «ማን ፈቀደልሽ?»፣ ባትፈጽመው «ትእዛዝ አልቀበልም አልሽ» ልትባል ነው።

አለቆቹ በየጊዜው ይቀያየራሉ፤ እሷ ግን ትቆያለች። የግቢውን ታሪክ የምታውቀው እሷ ናት፦ ማን መቼ እንደተቀጠረ፣ የትኛው ኮሚቴ ምን ብሎ እንደፈረመ፣ የትኛው ቃለ ጉባኤ እንደጠፋ። አዲስ የተሾመ አለቃ ይህን ዕውቀት የሚጠቀምበት ከሆነ ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የምትፈለገው ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ፣ ለውሳኔው አንቀጽ እንድትፈልግለት ነው።

11,500 ብር በወረቀት፣ 8,595 ብር በእጅ

ደመወዝ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ግቢ ውስጥ ያለውን ስሜት የሚወስነው እሱ ነው።

መንግሥት በ2017 መጀመሪያ የደመወዝ ማሻሻያ አድርጎ ዝቅተኛውን ወደ 4,760 ብር አወጣው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ሌላ ጭማሪ መጣ፦ ዝቅተኛው 6,000 ብር፣ ከፍተኛው 39,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር። ዜናውን ስልካችሁ ላይ አይታችኋል፤ ሰውም «እንኳን ደስ አላችሁ» እየተባባለ ነበር።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በ2017 መጨረሻ በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከግብር ነፃ የሆነው 2,000 ብር ነው። በ11,500 ብር ላይ ግብሩ 2,100 ብር ይመጣል። ጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 805 ብር ይቆረጣል። እጅ ላይ የሚደርሰው 8,595 ብር ነው። ድሮ ከ6,940 ብር ላይ በቀድሞው የግብር ተመን እጅ ላይ ይደርስ የነበረው 5,284 ብር ገደማ ነበር። እውነት ነው፣ ጨምሯል፤ 3,300 ብር ያህል። ግን በሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ ከዚያም ወዲህ መውጣቱን አላቆመም። ዘይቱም፣ የባጃጁ ነዳጅም፣ የቤት ኪራዩም ተከትሎት ወጣ። ሌላም አለ፤ ከፍተኛው የ35 በመቶ ግብር የሚጀምረው ከ14,000 ብር በላይ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ደመወዝ ያለው መምህር ከ14,000 በላይ ባገኘው ጭማሪ ከእያንዳንዱ 100 ብር 35ቱን ለግብር ይከፍላል።

ይህን ሁሉ ማን ያስረዳው? ፓርላማው ዲላ መጥቶ አያስረዳም። ጭማሪው በመጣበት ወር «የእኔ ለምን ከጓደኛዬ አነሰ?» የሚለውን ሰው የምታስተናግደው ባለሙያዋ ናት። የጭማሪው መጠን የተወሰነው ሌላ ቦታ፣ ግብሩ ሌላ ቦታ፣ እርከኑም ሌላ ቦታ ነው። የራሷም ደመወዝ ያው ውስጥ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል።

በኅዳር 26 ቀን 2015 የተጀመረውን የዩኒቨርሲቲ መምህራን የሥራ ማቆም አድማ አስታውሱ። ጥያቄው የደመወዝና የኑሮ ነበር። በ2017 ግንቦት ደግሞ የጤና ባለሙያዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው በመላ አገሪቱ ተንቀሳቅሰው ነበር፤ ያኔ «ወደ ሥራ ተመለሱ» የሚሉ ማስታወቂያዎች በየሆስፒታሉ በር ላይ ሲለጠፉ አይተናል። እንዲህ ባለ ሰሞን የቀሪዎችን ስም ዝርዝር የምታዘጋጀው ባለሙያ ምን ይሰማት ይሆን? ስማቸውን የምትጽፋቸው ሰዎች የልጇ ሐኪም ወይም የወንድሟ መምህር ሊሆኑ ይችላሉ። ዲላ ትንሽ ከተማ ናት።

ስልኩ ሲጮህ

ትንሽ ከተማ ስለሆነች ቅጥር ላይ ያለው ጫናም ሌላ መልክ አለው። ጉቦ ብቻ አይምሰላችሁ። በአብዛኛው ነገሩ በመከባበር በኩል ነው የሚመጣው። «እህቴ፣ የዚያች ልጅ ነገር አደራ።» የሚለው ሰው ባለፈው ወር ለቅሶ የደረሰላት ጎረቤት ነው። ወይም የዕድሯ ዳኛ ነው። ወይም ከወረዳ የሚደውል፣ ነገ መሬት ጉዳይ ላይ የምትፈልገው ሰው ነው። እምቢ ማለት በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ስትገናኙ ግን ይከብዳል።

ዲሲፕሊን ላይም እንዲሁ። ጌዴኦ ውስጥ ሶንጎ አለ፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የተጣላውን የሚያስታርቁበት፣ ጥፋተኛውን የሚገሥጹበት ሥርዓት። በደም የተቃባ ሰው እንኳ የሚታረቅበት ነው፤ እንዲህ ዓይነት ሀብት ያለው ሕዝብ ብዙ የለም። ታዲያ አንድ ሠራተኛ ሥራ ቦታ ላይ አጥፍቶ ክስ ሲቀርብበት ሽማግሌ ይላካል። ባለሙያዋ ሽማግሌውን ብትሰማና ክሱ ቢቋረጥ፣ ሽማግሌ የሌለው፣ ከሩቅ አገር የመጣው ሠራተኛ በተመሳሳይ ጥፋት ሲባረር «እኔስ?» ይላል። ባትሰማ ደግሞ ሽማግሌ የናቀች ትባላለች። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፦ የሁለት ሠራተኞች ጠብ ከሆነ ሽምግልናው ይቅደም፣ ፋይሉም አይከፈት። የጠፋው የመንግሥት ንብረት ወይም የተማሪ ውጤት ከሆነ ግን ሽማግሌው የሚያስታርቀው ሁለተኛ ወገን የለም፤ ተማሪው እዚያ ጉባኤ ላይ አልተቀመጠም።

የአካባቢ ልጅ ጉዳይንም ዘልለን አንለፈው። የፌዴራል ተቋም ስለሆነ ማስታወቂያው ለመላው አገር ነው። የዲላ ወጣት «መሬቱ የእኛ፣ ሥራው የሌላ» ይላል፤ ከሌላ ቦታ የመጣው «እዚህ የሚቀጠረው የአካባቢው ልጅ ብቻ ነው» ይላል። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይህንኑ ቢሮ ሊከሱ ይችላሉ። የሲቪል ሰርቪስ ሕጎቻችን ተቀራራቢ ውጤት ላመጡ ተወዳዳሪዎች የሴቶችን፣ የአካል ጉዳተኞችንና በመሥሪያ ቤቱ አነስተኛ ተዋጽኦ ያላቸውን ብሔረሰቦች ቅድሚያ ሲያነሡ ቆይተዋል። ነገሩ የሚሠራው ግን ውጤቱ በግልጽ ሲታወቅ ብቻ ነው። ነጥብ ካልተለጠፈ «ተቀራራቢ» የሚለው ቃል ለማንም የሚለጠጥ ላስቲክ ይሆናል።

በ2010 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ ዲላና አካባቢዋ ምን እንደሚመስሉ ያየ ያውቃል። ሕጉ የሐዘን፣ የጋብቻ፣ የሕመም፣ የወሊድ ፈቃድ ያውቃል። ወላጆቹ ተፈናቅለው ቤቱ አሥራ አምስት ሰው ያደረበት ሠራተኛ ሁለት ሳምንት ልቅር ሲል በየትኛው አንቀጽ ይፈቀድለት? ከዓመት ፈቃዱ ላይ ይቀነስበት? እንዲህ ያለው ነገር መመሪያ አልተጻፈለትም። አመራር የሚባለው ነገር የሚፈለገው መመሪያው ጸጥ ባለበት እንዲህ ባለ ቀን ነው፤ ባለሙያዋ ሐሳብ አምጥታ፣ አለቃዋ በስሙ ፈርሞ፣ ኋላ ኦዲተር ሲመጣ አብሯት ሲቆም።

የሄዱት፣ የቀሩትና ሁሉም ጥሩ የሆኑት

ሌላም ራስ ምታት አለ፣ አጠር አድርጌ ልለፈው። መምህር ለትምህርት ይላካል፤ ተመልሶ ሊያገለግል ውል ይፈርማል፣ ዋስ ይጠራል። ካልተመለሰ ደብዳቤ የሚደርሰው ዋሱ ነው፤ ዋሱ ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ያለ ባልደረባው ነው። አንድ ሰው ውጭ አገር ስለቀረ ሌላው ከደመወዙ የሚቆረጥበት አሠራር መምህር ሲያስቀር አላየሁም፤ ጓደኝነት ሲያፈርስ ነው ያየሁት።

የሥራ አፈጻጸም ምዘናውን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየስድስት ወሩ ይሞላል። ሰነፉም ታታሪውም ዘጠና ቤት ነው። አለቃው ዝቅ አድርጎ ቢሞላ ቅሬታ ይመጣበታል፣ ስለዚህ ለሁሉም ያድላል። ከዚያ የደረጃ ዕድገት ውድድር ሲመጣ ውጤቱ ማንንም ከማንም ስለማይለይ፣ የሚለየው ሌላ ነገር ይሆናል። ምን እንደሆነ ገምቱ። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የማጣራቱም ሥራ በዚህ ላይ ተደርቧል።

የተማሪው ቁጥርም አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 የትምህርት ዘመን ተፈታኞች አንሥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለፈው ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበር። የግቢዎቹ መዋቅር፣ የምግብ ቤቱ ሠራተኛ፣ ፕሮክተሩ፣ ጥበቃው የተቀጠሩት ብዙ ተማሪ በሚገባበት ዘመን ነው። የማሻሻያ ትምህርቱ ክፍተቱን በከፊል ሸፍኖታል። ግን «ትርፍ ሠራተኛ» የሚለው ቃል በየስብሰባው መነሣቱ አይቀርም፤ ያኔ ስም ዝርዝር አዘጋጂ የምትባለው ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም።

ራስ ገዝነት ሲመጣ

እዚህ ድረስ የነገርኳችሁ ሁሉ ሊቀየር ይችላል፤ በጥሩም በመጥፎም። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ወጥቷል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ሌሎች ነባር ዩኒቨርሲቲዎች እንደሚከተሉ ተነግሯል። የዲላ ተራ ወዲያው ባይሆንም መንገዱ ወደዚያ ነው፤ ትምህርት ሚኒስቴርም ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በቁልፍ የአፈጻጸም አመላካቾች ላይ ውል መፈራረም ጀምሯል።

ራስ ገዝ ማለት ለሰው ሀብት ክፍሉ ምን ማለት ነው? «ከላይ የመጣ ነው» የሚለው መልስ ያበቃል ማለት ነው። መደብ የመክፈት፣ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም የመወሰን፣ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ወደ ተቋሙ ይቀርባል። ጥያቄው ግቢው ውስጥ ማን እጅ ላይ ያርፋል የሚለው ነው። የሰው ሀብት ክፍሉ እስከዚያ ድረስ ደብዳቤ አውጪ ሆኖ ከቆየ ሥልጣኑ የሚያርፈው ለፕሬዝዳንቱ ቢሮ በቀረበ ሰው እጅ ነው። አዲስ አበባ ሩቅ ስለሆነች ብቻ ሲገታ የቆየ አድልዎ ካለም፣ ያኔ የሚገታው አይኖርም።

ዲላን አቋርጦ የሚያልፈው አስፋልት በሞያሌ አድርጎ ኬንያ ይገባል። እዚያ ከመስከረም እስከ ጥቅምት መጨረሻ 2018 ድረስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለሰባት ሳምንት ያህል ሥራ አቁመው ነበር። ጥያቄያቸው በፊት ከተፈረሙ የኅብረት ስምምነቶች ሳይከፈል ቀረ ያሉት 7.9 ቢሊዮን ሽልንግ ነው። ኬንያ ገነት ናት አላልኩም፤ ተማሪዎቹ ሰባት ሳምንት ከስረዋል። ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። እዚያ መምህራኑ ማኅበር አላቸው፣ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር ተደራድሮ የፈረመው ወረቀት አለ፣ ጠቡም «ፈርማችሁ አልከፈላችሁም» የሚል ነው። እኛ ጋ የመንግሥት ሠራተኛው የኅብረት ስምምነት የሚደራደርበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የሰው ሀብት ባለሙያዋም ተደራዳሪ የመሆን ዕድል አላገኘችም፤ መልእክት አድራሽ ብቻ ነበረች። ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ደመወዝ ራሱ የሚወስን ከሆነ ከማን ጋር ተነጋግሮ ነው የሚወስነው? ከወዲሁ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው።

እስከዚያው ግን ባለሙያዋ ዛሬም በእጇ ያለ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ወረቀቱ ነው። የማስታወቂያው መስፈርት ከመውጣቱ በፊት ተጽፎ ይለቅ እንደሆነ፣ ፈተናው በስም ሳይሆን በኮድ ይታረም እንደሆነ፣ የቃለ መጠይቁ ነጥብ እያንዳንዱ ፈታኝ ለየብቻው ይሞላው እንደሆነ፣ ቃለ ጉባኤው በዚያው ቀን ይፈረም እንደሆነ። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ አለቃዋ «እሷ ያለችው ይሁን» ብሎ አንድ ቀን ከጎኗ ከቆመ ይበቃል። በስልክ ለሚመጣባት ሰውም መልስ ይሆናታል፦ «ጋሼ፣ በኮድ ነው የሚታረመው፣ የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም።» ማንንም ሳታስቀይም እምቢ ማለት የምትችለው እንዲህ ነው።

ማመልከቻ ለምታስገቡትም፦ ቀጣዩ ማስታወቂያ ሲወጣ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀውን ፎቶ ብቻ አትመኑ፤ ግቢው ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈው ጋር አስተያዩት፣ የመደቡን መጠሪያና ደረጃ፣ የሚፈለገውን የትምህርት ዝግጅትና የምዝገባ ቀኑን ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ። ስማችሁ ሳይወጣ ከቀረ «ሰው የለኝም» ብላችሁ አትመለሱ፤ የፈተናና የቃለ መጠይቅ ነጥባችሁ ተለይቶ እንዲነገራችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠው፣ ቅጂው እናንተ ዘንድ ይቅር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ላይ አትጩኹባት፤ ቁጥሩን የምትሰጣችሁ እሷው ናት።